ጥንታዊ የፈረንሳይ ፖርሰሊን የአበባ ማስቀመጫ፦ የትኛው ይሻላል? ከየትስ ይገዛ?

ፓሪስ ውስጥ ጥንታዊ የፖርሰሊን የአበባ ማስቀመጫ ለመግዛት ለሚያስቡ የመጀመሪያው ጥቆማዬ ሱቅ ሳይሆን ሙዚየም ነው። ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ከከተማዋ ዳር ወደሚገኘው የሴቭር የሴራሚክ ሙዚየም ጎራ ብለው እውነተኛውን ዕቃ ደጋግመው ይመልከቱ፤ ዓይን ሳይለምድ የተገዛ ዕቃ ያስቆጫል።

የሴቭር ፖርሰሊን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1740 ፓሪስ አጠገብ ባለችው ቫንሴን ውስጥ ተመሥርቶ በ1756 ወደ ሴቭር የተዛወረ ሲሆን፣ በ1759 የንጉሥ ሉዊ 15ኛ ንብረት ሆነ። ፈረንሳዮች በዚያን ጊዜ ካኦሊን የተባለውን ነጭ አፈር በአገራቸው ስላላገኙ ይሠሩ የነበረው «ለስላሳ» የሚባለውን ፖርሰሊን ነበር፤ መልኩ ወደ ወተት የሚያደላ፣ የሥዕሉ ቀለምም ወደ ሽፋኑ ሰምጦ የሚታይ ነው። ካኦሊን ሊሞዥ ከተባለችው የፈረንሳይ ከተማ በስተደቡብ በሴንቲርዬ የተገኘው በ1768 አካባቢ ነው፤ «ጠንካራው» ፖርሰሊን በሴቭር መሠራት የጀመረውም ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ታሪክ ገበያ ላይ በቀጥታ ይጠቅማል። የሴቭር ምልክት ፊት ለፊት የተጠላለፉ ሁለት የ«ኤል» ፊደላት ሲሆን፣ ከ1753 ጀምሮ በመካከላቸው ዓመቱን የሚያመለክት ፊደል ይጻፍ ነበር። አምስተኛው የላቲን ፊደል ለምሳሌ 1757ን ያሳያል። እንግዲህ ማስቀመጫው ጠንካራ ፖርሰሊን ሆኖ ምልክቱ 1757 የሚል ከሆነ ምልክቱ ሐሰተኛ ነው። እኔም ይህን ሳላውቅ «ሴቭር ነው» ተብዬ ከአንድ ነጋዴ የገዛሁት ማስቀመጫ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ቅጂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በዚያ ዘመን ምልክቱን የገለበጡት የዕደ ጥበብ ሥራ ቤቶች እጅግ ብዙ ናቸው።

ስለዚህ አቅምዎ መካከለኛ ከሆነ «የድሮ ፓሪስ» የሚባለውን እንዲመርጡ አጥብቄ እመክራለሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በፓሪስ የግል ፋብሪካዎች የተሠሩት እነዚህ ማስቀመጫዎች ብዙ ጊዜ ምልክት የላቸውም፤ የወርቅ ቅባቸውና በእጅ የተሣሉት አበቦቻቸው ግን ራሳቸውን ይናገራሉ፣ ምልክት ስለሌላቸውም ሰው በስም አይታለልባቸውም። የሊሞዥ ዕቃ በቀላሉ ይገኛል፤ ከሥሩ «ፍራንስ» የሚል ቃል ካለበት፣ አሜሪካ ከ1891 ጀምሮ ወደ አገሯ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ የተሠሩበት አገር ስም እንዲጻፍ ስላስገደደች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው።

ስለ ቦታው ከተጠየቅሁ፣ በቅዳሜና እሑድ ማለዳ የሚቆመው የቫንቭ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ዋጋው ቀለል ይላል፤ ነገር ግን በጥድፊያ የሚገዛበት ነው። ሴንት ኡዋን በሚባለው የጥንታዊ ዕቃ ገበያ ሱቆች ውስጥ ዕቃውን አገላብጦ ለማየት ጊዜ ይገኛል። የእኔ ምርጫ የድሩዎ ጨረታ ቤት ነው፤ ዕቃዎቹ ከሽያጩ ቀደም ብለው ለሕዝብ ስለሚታዩ ማስቀመጫውን በእጅ ይዞ መመርመር ይቻላል፤ በጨረታው ዋጋ ላይ የሚጨመረውን ክፍያ ግን አስቀድመው ያስሉ። የትም ቢገዙ ዘመኑን የሚገልጽ የጽሑፍ ደረሰኝ ይጠይቁ፤ እ.ኤ.አ. በማርች 1981 የወጣው የፈረንሳይ ድንጋጌ ሻጩ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። በደረሰኙ ላይ «የዚያ ዘመን» የሚል ቃል ዋስትና ሲሆን፣ «በዚያ ዘመን ስልት» የሚለው ግን ምንም ዋስትና አይሰጥም።

ቤት ከገባ በኋላ ውኃውን በቀጥታ አያፍስሱበት፤ ከውስጥ ቀጭን የመስታወት ዕቃ አስገብተው አበባውን በዚያ ያኑሩት፤ የወርቅ ቅቡንም በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉ።