ልጄ 17 ሞላት፣ ክሬዲት ካርድ አሁን ላስጀምራት ወይስ ይቆይ?

እናት_ሜሪላንድ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። ልጄ አይስክሬም ቤት ሥራ ጀምራለች፣ ደሞዟ ዓርብ ይገባል ሰኞ የለም 😅 አሁን ደሞ ክሬዲት ካርድ ካላወጣሁ ብላ ይዛኛለች። አባቷ "እኔ ቤት ዕዳ አይገባም" ብሎ ዘግቶታል፣ እሱ መኪና እንኳን በካሽ ነው የሚገዛው። እኔ ግን እዚህ አሜሪካ የመጣን ጊዜ ስኮር (ዕዳ በደንብ እንደምትከፍል የሚያሳይ ነጥብ) የላችሁም ተብለን አፓርታማ ለመከራየት ያየነውን ፍዳ አልረሳሁም። በኔ ካርድ ላይ ላስገባት?

ባለ_ኡበሩ፦
አስገቢያት እህቴ፣ ግን ፕላስቲኩን እጇ ላይ ማስጨበጥ ግዴታ አይደለም። ኦቶራይዝድ ዩዘር (በሰው ካርድ እንድትጠቀም የተፈቀደላት) ስትሆን ያንቺ ካርድ ታሪክ በሷም የክሬዲት ሪፖርት ላይ ሊወጣ ይችላል፣ መጀመሪያ ለባንክሽ ደውለሽ ከ18 በታች ላሉ ሪፖርት ታደርጋላችሁ ወይ በያቸው። እሷ ብታወጣም ከፋይዋ አንቺ ነሽ። ደሞ ካርድሽ እስከ አፉ የሞላ ከሆነ ተይው፣ ያው እሱን ነው የምታሸክሚያት። በራሷ ስም 18 ሲሞላት ትችላለች፣ ያውም በ2009 በወጣው ሕግ ምክንያት 21 እስኪሞላት የራሷን ገቢ ማሳየት ወይ ኮሳይነር (አብሯት ፈርሞ ዕዳውን የሚዋስ ሰው) ማምጣት አለባት።

ሒሳብ_ሠራተኛዋ፦
ካርዱ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ስቴትመንት (ባንኩ በየወሩ የሚልከውን የሒሳብ መግለጫ) ማንበብ አስተምሯት። እኔ ለልጄ ያሳየሁት ሚኒመም (የወሩን ትንሹን ክፍያ) ብቻ ከከፈልክ ስንት ዓመት ይፈጅብሃል የሚለውን ሳጥን ነው፣ ባንኮቹ በሕግ ተገደው ስለሆነ የሚጽፉት ማንም አያነበውም። 1,000 ዶላር ዕዳ በዓመት 24 ፐርሰንት ሲታሰብ የወሩ ወለድ ብቻ 20 ዶላር ገደማ ነው፣ 30 ከከፈልሽ ከዋናው የቀነስሽው 10 ብር ናት (ዶላር ማለቴ ነው 😂)። በሷ ደሞዝ አስሊላት፣ ስንት ሰዓት አይስክሬም እንደምትቀዳ ይገባታል። ሌላው ሊሚቷ (ካርዱ የሚፈቅድላት ጣሪያ) 300 ሆኖ 250 ከተጠቀመች ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ በፊት ከፍላ ዝቅ ታድርገው፣ በቀኑ ብትከፍልም ካርዱ ሞልቶ ሪፖርት ስለሚደረግ ስኮሯን ይጎትተዋል። አውቶፔይ (በራሱ በየወሩ እንዲከፈል) ስታደርጉ ደሞ ሙሉውን እንጂ ሚኒመሙን አትምረጡ።

የጎንደር_ልጅ፦
ዕቁብ አስገቧት አቦ! የኛ ልጆች ከአክስታቸው ልጆች ጋር በሳምንት 20 20 ይጥላሉ፣ ዕጣ የወጣለት ቀን ጫጫታው አይጣል ነው።

ሒሳብ_ሠራተኛዋ፦
@የጎንደር_ልጅ ለቁጠባ ከዕቁብ የሚበልጥ የለም፣ እኔም አለሁበት፣ ግን የክሬዲት ሪፖርቱን የሚይዘው ክሬዲት ቢሮ ዕቁብሽን አያውቀውም። ሁለቱም ይኑራት።

ዳላስ_ነኝ፦
ካርድ ካርድ ትላላችሁ እንጂ አሁን ልጆቹን የያዛቸው ያ ጫማ በአራት ክፍያ የሚሉት ነገር ነው። የእህቴ ልጅ 18 በሞላው ማግስት ጀምሮ ሦስት ቦታ ተንጠልጥሏል፣ እያንዳንዷ ትንሽ ስለሆነች ዕዳ አትመስለውም። ስልኳ ላይ እሱን አፕ ፈልጊ መጀመሪያ።

እናት_ሜሪላንድ፦
ኧረ ተባረኩ! ማታ ያንን ሳጥን ለአባቷ አሳየሁት፣ "አላልኩሽም!" ብሎ ይባስ ደስ አለው 🤦🏾‍♀️ ለጊዜው ዴቢቷን ይዛ ስቴትመንቱን ከኔ ጋር ታንብብ ተባብለናል። ቆይ ግን፣ ዴቢቱ ላይ ገንዘብ ሳይኖር ብትገዛ ቅጣት አለው አይደል?

ባለ_ኡበሩ፦
ኦቨርድራፍት (ገንዘብ ሳይኖር ባንኩ ሸፍኖ የሚያስከፍልበት) ይሁንልኝ ብላችሁ ካልፈረማችሁ ስትገዛ ካርዱ እምቢ ይላል እንጂ አይቀጧትም። አካውንቱን ስትከፍቱ እሺ ብላችሁ ከሆነ ደውላችሁ አስነሱት።