የእናቴ ስኳርና ጾሙ

እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ዓይነት 2 ስኳር ከያዛት 9 ዓመት ሆናት። ሜትፎርሚንና ግሊበንክላማይድ የሚባሉ የስኳር ክኒኖች ትወስዳለች። ጠዋት ጠዋት የተዘፈዘፈ አብሽ ትጠጣለች፤ ይህን ለሐኪሙ ነግራው አታውቅም። ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች።

ባለፈው ማክሰኞ ክኒኗን በባዶ ሆዷ ውጣ ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ። ስንለካት ስኳሯ 54 ድረስ ወርዶ ነበር። በስኳር ውሃ መለስናት። ሐኪሙ «ጾሙን ተዪው» ብሎ ሸኛት። የንስሐ አባቷ እንኳ ፈቅደውላታል፤ እሷ ግን 55ቱን ቀን ሳልጨርስ ፋሲካ አይሆንልኝም ትላለች። ይገባኛል፤ ጾሙ ጉልበቷ ነው። ክኒኑን በራሴ ማሸጋሸግ ፈራሁ። የየቀኑን ልኬት ደብተር ላይ ጽፌያለሁ፤ ቀጠሮዋ ሐሙስ ነው።

ሐኪም ጾሙንም አብሹንም ሰምቶ መድኃኒቱን ያስተካከለላችሁ ካላችሁ፣ ምን ብላችሁ አስረዳችሁት?