ጥቆማ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ሲዲ ራይተር የት ልግዛ፣ ማንስ ይግጠምልኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሰንበት ትምህርት ቤታችን ውስጥ አንድ የቆየ ዴስክቶፕ አለ። የልጆቹን መዝሙር በሲዲ፣ የበዓሉን ቪዲዮ ደግሞ በዲቪዲ እያባዛን ዘጌ ላሉ ወገኖቻችን በጀልባ ልንልክ አስበናል። እዚያ ብዙ እናቶች ቤት ያለው ዲቪዲ ማጫወቻ እንጂ ስማርት ስልክ አይደለም። ሲዲና ዲቪዲ የሚጽፈውን ራይተር የት ልግዛ? ጥገና ቤት ላስገጥም ወይስ ራሴ ልሞክር? የትኛው ማርካ ይሻላል? መምህር ነኝ፤ የኮምፒውተር ሙያ የለኝም።

መልስ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልንገርዎት፦ ለማስገጠሚያ ብር አያውጡ። ካቻቢቴ የያዘ ሰው በሩብ ሰዓት የሚጨርሰው ሥራ ነው። ያንን ብር ባዶ ዲስኩ ላይ ይጨምሩት። ይህን የምለው የሠርግ ቪዲዮ ቀርጬ የማድር ሴት ስለሆንሁ ነው። ጥር ገብቶ ሠርጉ ሲደራረብ ማሽኔ ሌሊትም አያርፍም። እስካሁን ከተበላሸብኝ ሥራ በአገጣጠም ጥፋት የተበላሸው አንድ ብቻ ነው፤ የቀረውን ያበላሸው ርካሽ ዲስክና የመብራት መጥፋት ነው።

ያ አንዱም የሆነው ጥገና ቤት አስገጥሜ ነው። ቤት ወስጄ ስከፍተው ዲስኩ የሚቀመጥበት ትሪ ግማሽ ወጥቶ ቆመ። ፈትቼ ሳየው በሃርድ ዲስክ ብሎን አስረውታል። የሃርድ ዲስክ ብሎን ጥርሱ ሰፋ ያለ ነው፤ የራይተር ብሎን ግን ኤም 3 የሚባለው ነው፣ ጥርሱ ደቃቅ፣ ቁመቱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ። ያልሆነውን በግድ ሲያስገቡት ጥርሱን በልቶ ወደ ውስጥ ዘለቀና ትሪውን ያዘው። ስለዚህ ሲገዙ አራቱን ብሎን አብረው ይጠይቁ። በጣትዎ ሲያዞሩት ያለ ትግል የሚገባ ከሆነ ትክክለኛው እሱ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ግን ኮምፒውተሩን ከፍተው ከማዘርቦርዱ (ከዋናው ሰሌዳ) ወደ ራይተሩ የሚሄደውን ኬብል ይዩ። ቀጭን፣ ጫፉ የ«ኤል» ቅርጽ ያለው ከሆነ ሳታ ነው። ሰፊ እንደ መቀነት ጠፍጣፋ፣ አንድ ጠርዙ ቀይ የሆነ ከሆነ ደግሞ አይዲኢ ነው። የአንዱ ራይተር ለሌላው አይሆንም። ስልክዎ ካሜራ ካለው ፎቶ አንስተው ለሻጩ ያሳዩት፤ ብዙ ምልልስ ያስቀራል።

አሁን የት እንግዛ ወደሚለው። አዲስ የታሸገ ከተማ መሃል ካሉት የኮምፒውተር መሸጫዎች ሊያገኙ ይችላሉ፤ ዋስትና በጽሑፍ ከሰጡዎት ልዩነቱን መክፈል ይገባል እላለሁ። እኔ ራሴ የምሠራበት ግን ያገለገለ ነው፣ ፔዳ አካባቢ ካለ ጥገና ቤት የገዛሁት፤ ከአዲሱ በብዙ ይረክሳል። ያገለገለ ሲገዙ ሁለት ባዶ ዲስክ ይዘው ይሂዱ፣ አንድ ሲዲ፣ አንድ ዲቪዲ። ሁለቱንም እዚያው ፊትዎ ይጻፍልዎት። ምክንያቱም ራይተሩ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጨረር አለ፤ ለሲዲ 780 ናኖ ሜትር፣ ለዲቪዲ 650 ናኖ ሜትር። አንዱ ደክሞ ሌላው ሊሠራ ይችላል። «ሲዲ ያነባል» ብሎ የሚሸጥልዎትን በዚህ ይፈትኑት። ሞክሩት ሲባል ፊቱን ያጠቆረ ሻጭ ጋ አይቆዩ።

ማርካውን ብዙ አልጨነቅበትም። ኤልጂም፣ ሳምሰንግም፣ አሱስም፣ ላይትኦንም ሠርቼባቸዋለሁ። ከማርካው ይልቅ ከላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን የምርት ዓመት አያለሁ።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉ፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፤ ውስጡ የቀረው ኃይል ይወጣል። የኬዙን ብረት በእጅዎ ይንኩ፤ ሰውነትዎ ላይ የተጠራቀመው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ይሄዳል። ምንጣፍ ላይ ቆመው አይሥሩ። የፊቱን ፕላስቲክ አውልቀው ራይተሩን ከፊት ወደ ኋላ ያንሸራቱት፤ ፊቱ ከኬዙ እኩል ሲሆን በሁለቱም ጎን በብሎን ያጥብቁት። ሳታ ከሆነ ሁለት ገመድ ነው፣ አንዱ ከማዘርቦርድ፣ አንዱ ከፓወር ሰፕላይ (ኃይል ከሚያድለው ሣጥን)፤ በአንድ በኩል ብቻ ስለሚገቡ እምቢ ካሉ አያስገድዷቸው፣ ያዙሯቸው። አይዲኢ ከሆነ የኬብሉ ቀይ ጠርዝ ወደ ፓወር መሰኪያው በኩል ይሁን። ከሃርድ ዲስክ ጋር በአንድ ኬብል ከሆነ ደግሞ ከራይተሩ ኋላ ያለችውን ጃምፐር የምትባል ትንሽ መሰኪያ «ስሌቭ» የሚለው ላይ ያድርጓት። መልሰው ሲያበሩት ዊንዶውስ ራሱ ያውቀዋል፣ ድራይቨር የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም አይጠይቅም።

ሁለት ነገር በአጽንኦት። አንደኛ፣ የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ራሱን አይክፈቱ፤ ከግድግዳ ተነቅሎም ቻርጅ ይይዛል። የሳታ ፓወር ገመድ ጎደለ ብለው ከአሮጌው ባለ አራት ቀዳዳ ወደ ሳታ የሚቀይረውን አዳፕተር ሲገዙ ደግሞ ሽቦዎቹ በአንድ ፕላስቲክ ቀልጠው የተጣበቁበትን አይነት ይተዉ፤ ውስጥ ለውስጥ ተነካክቶ እሳት የማስነሣት ታሪክ አለው። ሁለተኛ፣ ራይተሩን ክዳኑን ከፍተው አያሠሩት። እንደተዘጋ ሲሆን ምንም አያደርግም፣ ሲከፈት ግን ጨረሩ ዓይን ይጎዳል፤ የሲዲው ጨረር ደግሞ ለዓይን ስለማይታይ ሰው አይጠነቀቅም። ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆች ስላሉ ነው የምደጋግመው።

የተሰነጠቀ ዲስክም አያስገቡ። በ52 ፍጥነት ሲዲው በደቂቃ ወደ 10,000 ዙር ይደርሳል፤ ስንጥቅ ያለው ውስጥ ሊበታተን ይችላል። በወረቀት የተሠራ ክብ ተለጣፊም አልወድም፤ ሚዛኑን ያዛባል። ስም ለመጻፍ ለሲዲ የተሠራ ለስላሳ ማርከር እንጂ እስክሪብቶ አይጠቀሙ።

ባዶ ዲስክ፦ እዚህ ላይ አይቆጥቡ። በአምድ ተቆልሎ ማርካ ሳይኖረው የሚሸጠው ርካሹ በኔ እጅ ብዙ ጊዜ ከሽፏል፤ ከተጻፈ ከወራት በኋላ የማይነበብም አጋጥሞኛል። ቬርባቲም ካገኙ ይውሰዱ። ትንሽ ይግዙና መጀመሪያ ይሞክሩ። ከሐይቁ ዳር ነንና ክረምት ላይ እርጥበት አለ፤ ሽፋኑ ውስጥ አድርገው ከመስኮት ርቆ ይቀመጥ።

የሲዲው ልክ 700 ሜጋ ነው፣ በድምፅ ሲዲ 80 ደቂቃ። «ኤምፒ3 በውስጡ ስላለ ብዙ ይይዛል» ቢሉዎት ልክ ነው፣ ግን አሮጌ ማጫወቻ ኤምፒ3 ላያነብ ይችላል። ለእናቶች «ኦዲዮ ሲዲ» የሚለውን ይምረጡ። ፍጥነቱን 16 ላይ ያድርጉ፤ ሙሉ ሲዲ በ5 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ሲጨርስ «ቬሪፋይ» ያድርጉ፤ የተጻፈው በትክክል መነበቡን ያረጋግጣል። መብራት በመካከል ከጠፋ ያ ዲስክ አለቀለት፤ አንዴ የሚጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ገደማ ወዲህ የወጡ ራይተሮች ኮምፒውተሩ ሲዘገይ ዲስኩን ያድናሉ፣ የኤሌክትሪክ መቋረጥን ግን የሚያድን የለም። ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ካለዎት እዚህ ነው የሚያስፈልግዎ። ከሌለዎት ደግሞ መብራት ብዙ በማይጠፋበት ሰዓት ይጻፉ።

ሌላ መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ጥገና ቤት ነው የምሠራው፤ ሁላችንም በግድ ብሎን የምንጠብቅ አይደለንም። አንድ ነገር ልጨምር። መምህር ያላቸው ኮምፒውተር ቀጭኑ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ዓይነት ከሆነ ትልቁ ራይተር አይገባም። የላፕቶፕ ዓይነት ስስ ራይተር ነው የሚያስፈልገው፣ ውፍረቱም 9.5 ወይም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ለክተው ይምጡ። የፓወር መሰኪያውም ከትልቁ ያነሰ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ እውነትህን ነው፣ ይሄንን ስላነሣህልን አመሰግንሃለሁ። አንተን የመሰለ ባለሙያ ካለ ማስገጠም አይከፋም፤ ግን ፊት ለፊታቸው ይግጠም።

ሌላ ጠያቂ፦ እኔ ያለኝ ላፕቶፕ ነው። ከዩኤስቢ የሚሠራው ውጫዊ ራይተር ይሻላል?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ለላፕቶፕ አዎ፣ ይሠራል። ግን ኃይል ይፈልጋል፤ ሁለት ጫፍ ያለው ገመድ ካለው ሁለቱንም ሰኪ፣ በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ። መጻፍ ሲጀምር የሚንጫጫና የሚቆም ከሆነ ኃይል አጥሮት ነው እንጂ ሁልጊዜ ተበላሽቶ አይደለም።

ሌላ ጠያቂ፦ ቪዲዮውን በዲቪዲ ጽፌ ኮምፒውተሬ ላይ ይሠራል፤ አያቴ ቤት ግን «ዲስክ የለም» ይላል።

መልስ፦ ፋይሉን እንዳለ ጎትተህ ጽፈኸው ይሆናል። ማጫወቻው የሚያውቀው «ዲቪዲ ቪዲዮ» የሚባለውን አሠራር ነው፣ የፋይሉ ዓይነት ኤምፔግ 2፣ የቴሌቪዥኑ ሥርዓት ለኛ አገር ፓል፣ የምስሉ መጠን 720 በ576። ፕሮግራሙ ላይ ይሄን መርጠህ ጻፈው፤ መጨረሻ ላይ ዲስኩን «ፋይናላይዝ» ማድረግህን (መዝጋትህን) አትርሳ። 4.7 ጊጋ የተባለው ደግሞ ዊንዶውስ ላይ 4.38 ገደማ ሆኖ ይታያል፤ ልክህን በዚያ ያዝ።

መምህሩ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከፍቼ አየሁት፣ ሳታ ነው፣ ትልቁ ኬዝ ነው። ነገ ፔዳ እወርዳለሁ።

መልስ፦ በርቱ መምህር። ዲስኮቹን ይዘው ይሂዱ። ብሎን ከጎደለዎት እኔ ጋ አራት ትርፍ ኤም 3 አለኝ፤ ከቅዳሜ በፊት ሽምብጥ ሲያልፉ ይውሰዱት።