ሞተር ሲወርድ እምቢ ያለ ቡሎን እንዴት ይፈታል?

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁም። ሃይሉክስ ፒካፕ አለኝ፤ ሞተሩ 2ኤል ናፍጣ ነው፣ የሚነዳው በኋላ ጎማ ብቻ ነው። የደሴን ዳገት ሲወጣ ይግላል። ዘይት ይበላል። የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍት ጭስ ይተፋል። ሞተሩ ወርዶ ሙሉ እድሳት ያስፈልገዋል ተብያለሁ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ግቢያችን ውስጥ ጀመርነው። ራዲያተሩ፣ ማኒኮቶዎቹ (የውሃ ጎማዎቹ) እና ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ወርደዋል። አሁን ሁለት ቦታ ተይዘናል። አንዱ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያስሩት የላይኞቹ ቡሎኖች ናቸው። የአንዱ ጭንቅላት ተበልቷል፤ ቀድሞ የነካው ሰው 17 ቁልፍ የሚፈልገውን በኢንች ቁልፍ ሲታገለው ኖሯል። ሌላው የጭስ ማስወጫው ቱቦ የታሰረባቸው 3 ዳዶዎች (ቡሎኑ ላይ የሚጠብቁት ፍሬዎች) ናቸው። ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ ሆነዋል። በጉልበት ብሄድ ይሰበራሉ ብዬ ፈራሁ። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ፣ መካኒክ ከደሴ

አብሽር ወንድሜ፣ ሁለቱም ይፈታሉ። መድኃኒታቸው ግን ይለያያል።

ከጭስ ማስወጫው ልጀምር። ዛሬ ማታ የሚታየውን ፊሌቶ (የቡሎኑን ጥርስ) በብረት ብሩሽ ጥረገው። ደብሊውዲ 40 ወይም ሌላ የዝገት ማላቀቂያ ንፋበት። በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያልክ ምታው፤ ንዝረቱ ዘይቱን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። እንዲሁ አሳድረው፣ ጠዋት ድገመው። ካጣህ የመሪ ዘይትና አሴቶን እኩል ቀላቅል፤ እሱም ጥሩ ይሠራል።

ስትፈታ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው በኩል ሞክረው። ዝገቱ የሚሰነጠቀው ያኔ ነው። ከዚያ ሩብ ዙር ፍታ፣ መልሰህ አጥብቅ፣ ዘይት ጨምር፣ እንደገና ፍታ። መክበድ ከጀመረ አትግፋው። ብዙ ሰው ቡሎን የሚቆርጠው መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ነው፣ ደስ ብሎት አንዴ ሊጨርሰው ሲል።

በዚህ ካልሄደ እሳት ነው። የምታግለው ዳዶውን እንጂ ቡሎኑን አይደለም። ዳዶው ሲግል ቀዳዳው ይሰፋል፣ ቡሎኑ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ትፈታዋለህ። ስለዚህ በኃይለኛ ነበልባል ቶሎ አግለህ ቶሎ ፍታ። ቅላቱ ሲጠፋ ሻማ ብታስነካውም ሰሙ ቀልጦ ፊሌቶው ውስጥ ይሳባል። ዘይቱ ወይም አሴቶኑ ሳይደርቅ ግን እሳት አታቅርብ። የናፍጣ መስመሮቹን አርቅ፣ ባትሪውን አውርድ። አንድ ነገር አደራ፦ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ የተነፋበት ብረት ላይ እሳት አታድርግ። ክሎሪን ያለበት ዓይነት ሲቃጠል ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል።

የካምቢዮው ቡሎን ላይ ግን እሳት አልመክርህም። የካምቢዮው ቤት አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅህም፣ 660 ዲግሪ ላይ ድንገት ይቀልጣል። ባለ 12 ጥግ ቡሶላም (የቡሎኑን ጭንቅላት ውጦ የሚይዝ መፍቻ) ተው። ባለ 6 ጥግ ውሰድ። ጭንቅላቱ ለ17 ከላላ 16 ቁጥሩን በመዶሻ አስገባበት። ቦታው አልደረስ ካለህ የካምቢዮውን ጅራት በክሪክ ያዝና ካምቢዮው ከኋላ የሚያርፍበትን መቀመጫ ፍታ፤ ከዚያ ክሪኩን ቀስ ብለህ ዝቅ አድርግ። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲያጋድል የላይኞቹ ቡሎኖች ከታች በረጅም ማስረዘሚያ ይደረሳሉ።

ይህም ካልሆነ ጭንቅላቱን በትራፓኖ (በመሰርሰሪያ) በስተህ አስለቅቀው። አትደንግጥ፤ ጭንቅላቱ ሲለቅ ውጥረቱ ይጠፋል። ካምቢዮው ከተለየ በኋላ የቀረው ጉማጅ አብዛኛውን ጊዜ በመቆለፊያ ፒንሳ ይዞራል።

መልስ፣ ከሐርቡ

እኔ ደግሞ ለምን ትለያያቸዋለህ እላለሁ። ሞተሩንና ካምቢዮውን አንድ ላይ አውጣቸው። የላይኛውን ቡሎን መሬት ላይ ሆነህ በሰፊ ቦታ ትታገለዋለህ። የኋላ ጎማ ብቻ ስለሚነዳ ያን ያህል አይከብድም። የካርዳኑን ዘንግና የማርሹን እጀታ መፍታት፣ የካምቢዮውን ዘይት ማፍሰስ፣ ኮፈኑን ማንሳት ነው።

መልስ፣ መካኒክ ከደሴ

ይሄም ያስኬዳል። ግን ማንሻው በደንብ ከፍ የሚል መሆን አለበት፣ ሞተሩ በጣም አጋድሎ ስለሚወጣ። ግቢው ጠባብ ከሆነ መለየቱ ይሻላል። ስትለይ ካምቢዮውን ከታች በክሪክ ደግፈው፤ ክብደቱ ፍሪሲዮኑ ላይ ከተንጠለጠለ ዲስኩን ያበላሸዋል።

መልስ፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ

ስለማንሻው ልጨምር። ዛፍ ላይ ወይም የቤት ጣሪያ እንጨት ላይ እንዳታንጠለጥሉት፣ በአላህ። ማንሻ ክሬን ተከራዩ። ክንዱ በረዘመ ቁጥር የሚሸከመው እንደሚቀንስ እወቁ፤ 2 ቶን የተጻፈበት ክንዱ ሙሉ ሲወጣ ግማሽ ቶን ብቻ ሊሸከም ይችላል። ሞተሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ማንም እጁንም እግሩንም ከሥሩ አያስገባ። መኪናውንም በክሪክ ብቻ አታቁሙት፣ ከሻሲው ሥር ጠንካራ መደገፊያ ይግባ።

ጠያቂው

አላህ ይስጥልኝ። የካምቢዮው ቡሎን በ16 ቡሶላ ወጣ! ጅራቱን ዝቅ ማድረጉ በጣም ረድቶናል። ከጭስ ማስወጫው ሁለቱ በእሳት ተፈቱ፣ ሦስተኛው ግን ከሥሩ ተሰበረ። አሁንስ?

መልስ፣ በያጅ ከኮምቦልቻ

ቱቦው ከለቀቀ አሁን ሞተሩን ከማውረድ የሚያግድህ የለም። ስባሪውን ሞተሩ መሬት ከነካ በኋላ ተመለስበት። ትንሽ ጫፍ ከወጣ አንድ ዳዶ ከላዩ አስቀምጠህ በመሃል ቀዳዳው በኩል በይደው። ቅላቱ እስኪጠፋ ጠብቅ፣ ከዚያ በቁልፍ ወዲያና ወዲህ አወዛውዘው። የብየዳው ሙቀት ራሱ ዝገቱን ይፈታዋል። እምቢ ካለ ሌላ ዳዶ በይድ፣ ሦስተኛም ቢሆን። በግራ የሚዞረውን የስባሪ ማውጫ ለመጨረሻ አቆየው። ውስጥ ከተሰበረ የማውጫው ብረት ከትራፓኖ ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) ይጠነክራል፣ ያኔ ቶርኖ ቤት (የብረት ማሽን ሥራ ቤት) መሄድ ግድ ይሆናል።

መልስ፣ የመለዋወጫ ነጋዴ፣ ደሴ ፒያሳ

ወንድሜ፣ አሮጌዎቹን መልሰህ እንዳታስር። 3ቱንም በአዲስ ቀይር፣ ዳዶዎቹን የናስ ውሰድ። ናስ ከብረት ጋር ዝጎ አይጣበቅም። ልትገዛ ስትመጣ ከተፈቱት አንዱን ይዘህ ና፣ ፊሌቶውን እናመሳስለዋለን። ጓርኒሲዮኑንም (መጋጠሚያው መሃል የሚገባውን ማሸጊያ) አትርሳ።