ላስቲክ ቢደረብ ጥርስ ቶሎ ይሄዳል?

የፈረንጅ አራዳዋ፦ ሰላም የጅማ ልጆች። ታናሽ ወንድሜ የጥርስ ሽቦ አሳስሯል። ቶሎ እንዲያልቅለት ብሎ ማታ ማታ መስታወት ፊት ቆሞ በአንዱ ላስቲክ ላይ ሌላ ይደርባል። ጠዋት እንጀራ ማኘክ እንኳ ያቅተዋል። እውነት ጉልበት ሲጨመር ይፈጥናል?

የጥርስ ሕክምና ተማሪ፦ እህቴ፣ ዛሬውኑ አስቁሚው! ጥርስ የሚሄደው በጉልበት ብቻ ሳይሆን አጥንቱ በአንድ በኩል እየተበላ በሌላ በኩል እየተሠራ ነው፤ ይህን የሚሠሩት ሕዋሳት ደግሞ ደም ያስፈልጋቸዋል። ጫናው ሲበዛ በሥሩና በአጥንቱ መካከል ያለው ስስ ጅማት ይጨፈለቃል፣ ደሙ ይቋረጣል፣ ቦታው ይሞታል። የሞተው እስኪጸዳ ጥርሱ ለሳምንታት ባለበት ሊቆም ይችላል። የባሰው ደግሞ ሥሩ ራሱ ሊያጥር መቻሉ ነው። ያጠረ ሥር ተመልሶ አያድግም።

አጂፕ ሰፈር፦ ታዲያ ልኩ ስንት ነው?

የጥርስ ሕክምና ተማሪ፦ እንደ እንቅስቃሴው ነው ወንድሜ። አንድ ጥርስ ለማዘንበል ከ35 እስከ 60 ግራም ክብደት የሚያህል ጉልበት፣ ከነሥሩ ለማንቀሳቀስ ከ70 እስከ 120 ግራም አካባቢ፣ ወደ አጥንቱ ለመክተት ደግሞ ከ10 እስከ 20 ግራም ይበቃል። ፍጥነቱ በወር 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በጣም ከላላም አይሄድም፤ ልኩ ላይ ከደረሰ በኋላ ግን መጨመሩ ትርፍ የለውም።

ኮቺ፦ ልጄም የጥርስ ሽቦ አድርጋለች። ሐኪሟ ዋናው ነገር የታዘዘውን ላስቲክ ሳያቋርጡ ማድረግ ነው ብሏታል። አንድ ቀን አድርጎ አንድ ቀን መተው ነው የሚያጓትተው።

የፈረንጅ አራዳዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ትርፉን ላስቲክ ዛሬ እወስድበታለሁ፣ ሐኪሙም እንዲያየው ቀጠሮውን አስቀድማለሁ።