ክርክር፦ የቢሮ ኮምፒውተር ሁሉ ወደ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ይዙር?

ጠያቂው፦ ክፍት ምንጭ ማለት ኮዱ ለሁሉም የተገለጠ ሶፍትዌር ነው። በየዓመቱ ለፈቃድ ከመክፈል በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ፣ በኤክሴልና በወርድ ፈንታ ሊብሬኦፊስ ጭኖ መገላገል አይሻልም? እስኪ ተከራከሩ።

ሰርቨር ጠባቂ፦ ይሄማ ምን ያከራክራል! እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ የዓለም 500 ፈጣን ሱፐርኮምፒውተሮች በሙሉ በሊኑክስ ነው የሚሰሩት። ኪሳችሁ ያለው አንድሮይድም ከርነሉ (የስርዓቱ እምብርት) ሊኑክስ ነው።

ሒሳብ ክፍል፦ እኔ ሱፐርኮምፒውተር የለኝም፣ ያለኝ ኤክሴል ነው። ባለፈው የላክሁትን ሰንጠረዥ ሰውዬው በሊብሬኦፊስ ከፈተው። ማክሮው (ሥራውን በራሱ የሚሠራልኝ ትዕዛዝ) እምቢ አለ። ፊደሉ ተቀይሮ የመጨረሻው አምድ ብቻውን ሁለተኛ ገጽ ላይ ወጣ። ስብሰባው ሊጀመር አስር ደቂቃ ሲቀረው! በነጻ መሆኑ ምን ጠቀመኝ?

ሰርቨር ጠባቂ፦ «በነጻ» እና «ነጻ» ይለያያሉ እኮ። አንዷ «በ» ናት ነገሩን የምታበላሸው። የነጻ ሶፍትዌር ንቅናቄን የጀመረው ሪቻርድ ስቶልማንና መሰሎቹ የሚሟገቱት ኮዱን ለማንበብ፣ ለመለወጥና ለማካፈል መብት ነው። ዋጋው ሌላ ጉዳይ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ለማንበብ መብት አለ፣ እሺ። አንባቢውስ? ሃርትብሊድ የተባለው የደህንነት ቀዳዳ የኢንተርኔት ግንኙነትን በሚያመሰጥረው ኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ተቀምጦ 2014 ላይ ነው የተነቃበት። የኤክስዜድ ደግሞ ይብሳል። የፋይል መጭመቂያ ናት፤ ዋና ጠባቂዋ ያለ ክፍያ የሚለፋ አንድ የደከመው ሰው ነበር። አንዱ «ላግዝህ» ብሎ ተጠጋው፣ ሁለት ዓመት ያህል አመኔታ አጠራቀመ፣ 2024 ላይ የኋላ በር (ስውር መግቢያ) አስገባባት።

ሰርቨር ጠባቂ፦ ማን ደረሰበት ግን? አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ፕሮግራመር። በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግቢያ) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት፣ ነገሩ አልዋጥልህ ብሎት ቆፈረ። ኮዱ ዝግ ቢሆን ምኑን ይቆፍራል? «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ይተወው ነበር።

ተጠራጣሪ፦ ፍሮይንድን የቀጠረው ማይክሮሶፍት መሆኑን ዘለልካት 😄

ሰርቨር ጠባቂ፦ እሷን ወስደሃል።

አዲስ ገቢ፦ የጀርመኗ የሙኒክ ከተማ አስተዳደርስ? ስንት ዓመት ለፍቶ ወደ ሊኑክስ ከዞረ በኋላ 2017 ላይ ወደ ዊንዶውስ ልመለስ አለ።

ሰርቨር ጠባቂ፦ እዚያ ፖለቲካም ነበረበት። ቢሆንም ሠራተኛው ካልሰለጠነ የትም አይኬድም፣ ይሄን አልክድም። የፈቃድ ገንዘብ ቀረ ማለት ወጪ ቀረ ማለት አይደለም፤ ለሚጠግን ሰው ይዞራል። ልዩነቱ፣ ያ ሰው ካላስደሰተህ ሌላ ትቀጥራለህ። በዝግ ሶፍትዌር ግን ሻጩ ካኮረፈህ አለቀልህ።

ጠያቂው፦ እንግዲህ ሰርቨሮቹ ይዙሩ፣ ሒሳብ ክፍል ባለበት ይቆይ። ከሚተርፈው ገንዘብ ግማሹ ለስልጠና፣ ጥቂቱ ደግሞ ለነዚያ ያለ ክፍያ ለሚለፉት ይላክ።

ሒሳብ ክፍል፦ ማክሮዬን ካልነካችሁ የፈለጋችሁትን አድርጉ።