የማሸጊያ ማሽን ለፋብሪካዎች በቀጥታ ስርጭት መሸጥ ይቻላል?

ጠያቂ

ድርጅታችን ለፋብሪካዎች የማሸጊያ ማሽን ያቀርባል። ደንበኞቻችን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንድ ሽያጭ እስኪቋጭም ወራት ይፈጃል። ሥራ አስኪያጃችን «ሰው ሁሉ በቀጥታ ስርጭት እየሸጠ እኛ ምን እንጠብቃለን?» ብለው ነገሩን እኔ ላይ ጥለውታል። እስካሁን ያየኋቸው ግን ልብስና መዋቢያ የሚሸጡ ናቸው፤ ተመልካቹ ወዲያው አይቶ ወዲያው ያዝዛል። እኛ ዘንድ ማሽኑን የሚጠቀመው ሌላ፣ ገንዘቡን የሚፈቅደው ሌላ፣ ውሉን የሚፈርመው ሌላ ነው። ምን እናሳይ? በየትኛው መድረክ? ልምዱ ያላችሁ ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

የሽያጭ ባለሙያ

አስቀድመው ከሥራ አስኪያጅዎ ጋር የሚስማሙበት ጉዳይ አለ፤ የተመልካች ብዛት መለኪያ እንዳይሆን። ሠላሳ ሰው ገብቶ አምስቱ የምርት ኃላፊዎች ከሆኑ ቀኑ ሠምሯል። ይህን ሳይነጋገሩ ከገቡ በማግሥቱ «ሠላሳ ሰው ብቻ?» የሚል ወቀሳ ይጠብቅዎታል።

ስለሚታየው ነገር ደግሞ፦ በብሮሹር ላይ ያለውን በቃል አይድገሙት። የማሸጊያው ፕላስቲክ ጥቅል አልቆ ማሽኑ ሲቆም፣ አዲሱ ገብቶ ሥራው እስኪቀጥል ያለውን ሁሉ ያሳዩ። ካሜራው ሳይቋረጥ፣ ሰዓት ከጎኑ እየታየ ይሁን። ጥቅሉን የሚቀይረው መሐንዲሱ ሳይሆን ማሽኑን በየቀኑ የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ ይሁን። ፕላስቲኩን በመዘውሮቹ መካከል ሲያሳልፍ፣ የመጀመሪያዎቹ እሽጎች ተጣምመው ሲወጡና ሲጣሉ ጭምር ይታይ። የምርት ኃላፊ በልቡ የሚያሰላው ስንት ደቂቃ እንደሚቆምና ስንት እሽግ እንደሚባክን ነው። ይህን ያልደበቀ ሻጭ ስለ ቀሪው ሲናገር ይታመናል።

የድምፅና ምስል ባለሙያ

ማሽን ካለበት ስፍራ ማሰራጨት ከቢሮ እንደማሰራጨት አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ከድምፅ ነው። የካሜራው ማይክሮፎን የሞተሩን ጩኸት እንጂ የሰውን ቃል አይይዝም፤ ተናጋሪው አፉ አጠገብ የሚቀመጥ ማይክሮፎን ያድርግ። ረጅም ማብራሪያ ሲኖር ማሽኑ ይቁም።

ኢንተርኔቱን ሲለኩ የማውረዱን ሳይሆን የመላኩን ፍጥነት ይመልከቱ። በ1080 ፒ (ሙሉ ኤችዲ) ጥራት፣ በሰከንድ 30 ፍሬም (ተከታታይ ምስል) ለማሰራጨት ከ4 እስከ 6 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይበቃል፤ እኔ ግን እጥፉ ከሌለ አልጀምርም። ዋይፋዩን ትተው በገመድ ያገናኙ። ሁለት ካሜራ ለማቀያየር ኦቢኤስ ስቱዲዮ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር በቂ ነው። ዩቲዩብን ከመረጡ ቻናሉ ለቀጥታ ስርጭት ገና ካልተፈቀደለት ፈቃዱ እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል ለዋዜማው አያስቀሩት።

የግብይት አማካሪ

መድረኩን ደንበኞችዎ ባሉበት ይምረጡ። ሊንክድኢን በተባለው የባለሙያዎች ማኅበራዊ መድረክ ላይ ካሉ እዚያው ጥሩ ነው፤ የድርጅትዎ ገጽ ግን ከ150 በላይ ተከታዮች ሊኖሩት ይገባል፤ ስርጭቱም በሌላ ሶፍትዌር በኩል ነው የሚላከው። ዩቲዩብ ላይ «ያልተዘረዘረ» አድርጎ ማስፈንጠሪያውን ለተጋበዙ ብቻ መላክ ይቻላል፤ ነገር ግን ማስፈንጠሪያው የደረሰው ሁሉ ማየት ስለሚችል ምሥጢር ማስጠበቂያ አይደለም።

ምዝገባ ይኑር፤ ስም፣ ድርጅትና የሥራ ድርሻ ብቻ። ማን እንደመጣ ካላወቁ ማንን ይከታተላሉ?

የግዥ ክፍል ሠራተኛ

እኔ የምጽፈው ከገዢው ወገን ሆኜ ነው፤ በምዝገባው አልስማማም። ቅጽ ባየሁ ቁጥር ነገ የሚደወልልኝ ስልክ ይታየኛልና እተወዋለሁ። ክፍት አድርጉት፤ የፈለገ ራሱ ይጽፍላችኋል።

ደግሞም በአደባባይ ስለማንጠይቅ ፍላጎት የለንም ማለት አይደለም። ተወዳዳሪዎቻችንም እያዩ ስለሆነ በሰዓት ስንት እንደምናመርት በውይይቱ ላይ አንጽፍም። በግል የምንጠይቅበት ቁጥር ወይም ኢሜይል በማያ ገጹ ላይ ይቀመጥ። የመለዋወጫ አቅርቦትን፣ የዋስትናውን ዘመንና ለጥገና ማን እንደሚመጣ ሳንጠይቅ ንገሩን።

ስርጭቱን አይቼ ማሽን አልገዛም። ቅጂውን ግን ለጥገና ኃላፊያችንና ለፋይናንስ ክፍል እልከዋለሁ፤ እነሱም አንድ ሰዓት ሙሉ አያዩም። ስለዚህ ቅጂውን በምዕራፍ ከፋፍሉት። ዩቲዩብ ላይ በመግለጫው ውስጥ ከ0:00 ጀምሮ ቢያንስ ሦስት የሰዓት ምልክቶችን በቅደም ተከተል መጻፍ በቂ ነው።

ጠያቂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የግዥ ክፍሉ ሰው ያነሱት አሳምኖኛል፤ የምዝገባ ቅጹን የእሽግ ናሙና ለሚጠይቁን ብቻ አደርገዋለሁ። ሁለት ነገር ቀርቶኛል፦ ማሽኑ በስርጭቱ መካከል ቢበላሽስ? ከነባር ደንበኛችን ፋብሪካ ብናሰራጭስ?

የሽያጭ ባለሙያ

ቢበላሽ ካሜራውን አያጥፉ። የጥገና ባለሙያው እዚያው ይኑር፤ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚፈታ እየተናገረ ይሥራ። በአጭር ጊዜ የማይፈታ ከሆነ ቀድሞ የተቀረጸ ምስል አዘጋጅተው ይቆዩ፤ ቀረጻ መሆኑንም ለተመልካቹ ይንገሩ።

ከደንበኛ ፋብሪካ ማሰራጨቱ ከሁሉም ይበልጣል፤ ፈቃዱ ግን በጽሑፍ ይሁን። ከመጀመርዎ በፊት ካሜራው የሚያየውን ጥግ ሁሉ ከደንበኛው ሰው ጋር ሆነው ይመልከቱት። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የምርት ዕቅድ ወይም የሌላ ድርጅት ስም ያለበት ካርቶን ከታየ ደንበኛዎን ያስቀይማሉ።

በማግሥቱ ሲደውሉም «ስርጭቱን እንዴት አዩት?» ብለው አይጀምሩ። ሰውየው የጠየቀውን ጥያቄ ይዘው፣ የተሟላ መልሱን ከምስሉ ጋር ልከው ይደውሉ።